ያልወጋሁት መሬት

ኃላፊያችን የሰጡኝ ብረት ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። አንዱ ጫፍ ሹል ነው፤ ሌላው ለእጅ እንዲመች ታጥፏል። ቧንቧ ተቀብሮ አፈር ከተመለሰበት በኋላ መስመሩን እየተከተሉ በየአምስት እርምጃው መሬቱን በዚህ ብረት ይወጉታል። ከሥር ቧንቧ ካለ ብረት ብረትን ሲነካ እጅ ላይ ይሰማል። ከሌለ ብረቱ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ሥራው ይኸው ነው። በአንድ ጠዋት ይለመዳል፤ እኔም ለምጄው ነበር።

አሁን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስጄ ውጤት እስኪመጣ ድረስ በመካነ ሰላም የውሃ ክፍል በጊዜያዊ ጸሐፊነት እሠራ ነበር። የሆነውን ነገር በቅደም ተከተሉ ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የጻፍኩት ወረቀት ትክክል አልነበረም።

የድርቁ ዓመት ነበር። በልጉ ከቀረ በኋላ ከለጋምቦና ከአቀስታ ደጋ፣ ከጃማም ወገን ሰው በእግሩ እየመጣ ከተማችን መግቢያ ላይ ይወድቅ ጀመር። መጀመሪያ እጁን የዘረጋለት መንግሥት አልነበረም፤ የከተማው ቅሬ ነበር። ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ማኅበር ነው፤ ሌላ አገር እድር ይሉታል። በእኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይገባል። የቅሬው ዳኛ አባላቱን ሰብስበው ከከተማው በታች ያለውን ባዶ የእህል መጋዘን ጠረጉ፣ ወለሉን ጭድ አለበሱ፣ ሰዎቹን አስገቡ። ለሞተ ሰው የተገዛው ትልቅ ድስት ለቁም ሰው ገንፎ ተጣደበት።

እህሉ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። የባሰው ውሃው ነበር። ከመጋዘኑ ሥር አንድ ወንዝ አለ፤ ወንዝ መባሉ ለስሙ ነው፤ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ነበር። ሰውም ከብትም እዚያው ይጠጣል፣ እዚያው ይታጠባል፣ አቅም ያጣው እዚያው ይጸዳዳል። መጠለያው ውስጥ ያለው ድሬሰር፣ መድኃኒት ከማጣቱ የተነሣ ቁስል በጨው ውሃ ከማጠብ ሌላ ብዙ ሥራ የሌለው ጎልማሳ ሰው፣ «እህል ካላገኙ በወር ይሞታሉ፤ ያንን ውሃ ከጠጡ በሁለት ቀን» ይል ነበር። ስለዚህ ከገበሬ ማኅበሩ በውሰት የተገኙ አህዮች ከከተማው ቦኖ በጀሪካን ውሃ ያመላልሱ ነበር። አህዮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ሰው ግን በየቀኑ ይጨምራል።

የውሃ ክፍሉ ሠራተኞች ስብሰባ የተቀመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ኃላፊያችን ግቢ ውስጥ የተከመረውን አሮጌ ቧንቧ አሳዩንና፣ ከማጠራቀሚያው እስከ መጠለያው መስመር ዘርግተን አንድ ቦኖ ብንተክልላቸው ምን ይመስላችኋል አሉ። ቧንቧው ከክፍሉ፣ ጉልበቱ ከሠራተኛው፣ በዕረፍት ቀን። ማንም አልተቃወመም። ቀበሌው ሲሰማ ሐሳቡን ወደደውና ዘመቻ ብሎ ሰየመው፤ ሕዝቡም በየእሑዱ እንዲወጣ አዘዘ። የውዴታ ግዴታ ይባል ነበር ያን ጊዜ። ትእዛዙ በደብዳቤ መጥቶ ቢሮ ውስጥ ተነበበ።

«እኔ እሑድ አፈር አልቆፍርም» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። ከካህናት ቤት የተወለደ፣ ራሱም በልጅነቱ በዲቁና ያገለገለ ሰው ነው፤ አሁንም መፍቻውን ጨብጦ ዳዊት ይደግማል።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው የምትቆፍር?» አሉት ሞተረኛው። እሳቸው ከተማውን የሚያጠጣውን የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር የሚጠብቁ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። «በወሩ ውስጥ በዓል ያልሆነ ቀን ካለህ ንገረንና ቀጠሮ እንያዝ።»

«እርስዎስ? አርብ ዕለት ሰላት ብለው የገቡ ቅዳሜ አይደል የሚወጡት!»

«እንግዲያ አርብን አንተ ውሰድልኝ።»

«እሑድን ይውሰዱልኛ!»

«ወላሂ ታረቅን።»

ቢሮው ሙሉ ሳቀ። እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። ሙስሊሞቹ እሑድ እሑድ ከማጠራቀሚያው ወደ ታች፣ ክርስቲያኖቹ አርብ አርብ ከሥራ ተፈቅዶላቸው ከመጠለያው ወደ ላይ ይቆፍራሉ፤ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ኃላፊያችን ለቀበሌው ሲጽፉ «በሁለት ፈረቃ» ብለው አለፉት።

ሥራው በእውነት ጥሩ ነበር የሄደው። ደብዳቤ የምታደርሰው ሴትዮ ሳትቀር አካፋ ይዛ ወጣች። ቧንቧው አሮጌ ስለነበር የመጋጠሚያ ጥርሱ የተበላውን በቃጫ እየጠመጠሙ ያጠብቁታል። እያንዳንዱ ቡድን የዘረጋውን ቧንቧ ከብትና ልጅ እንዳይረግጠው እዚያው ዕለቱን አፈር ይመልስበታል። ሚካኤል አርብ በዋለበት ሳምንት ሙስሊሞቹ ከጁምዓ መልስ መጥተው የክርስቲያኖቹን ፈረቃ ሸፈኑላቸው። የእኔ ድርሻ ኃላፊያችንና ቧንቧ ሠራተኛው አስቀድመው የተከሏቸውን ችካሎች መመዝገብና ቁፋሮው የት እንደደረሰ መጻፍ ነበር። ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኝ ነበር። «ጎበዝ ልጅ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንን አልደብቅም።

መጠለያው ውስጥ አንዲት የለጋምቦ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ አይሞላም። ከባሏና ከልጇ ጋር መጥታ፣ ባሏ በሁለተኛው ሳምንት ሞተባት። በእስልምና ሬሳ ታጥቦ ነው የሚቀበር፤ ውሃ ከጠፋ ግን ንጹሕ አፈር ይበቃል፤ ተየሙም ይሉታል። እሱ የሞተ ዕለት የጀሪካኑ ውሃ ለሚጠጡትም አልበቃም ነበር። በአፈር ተደርጎለት ተቀበረ።

«ሕጉ ይፈቅዳል አሉኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ይፈቅዳል፤ አላህ መሓሪ ነው። ግን አልታጠበም። የስድስት ቀን መንገድ አቧራ እላዩ ላይ ነበር።»

ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስትመጣ ተቅማጥ ይዟት፣ እግሯ እንደ ሸንበቆ ሆኖ ነበር። አህያ ባመጣው ውሃና በገንፎ ቀስ በቀስ አንገቷን አቀናች። ድሬሰሩ እናቷን ጠርቶ የነገራት ቃል አልጠፋኝም፤ አጠገባቸው ነበርኩ። «ይቺን ልጅ አንድ ጊዜ አትርፈናታል። የወንዙን ውሃ ካልነካች ትኖራለች። ከነካች ግን ሁለተኛ የምናወጣት አይመስለኝም።» እናቲቱ ከዚያ በኋላ ልጅቷን ወንዙ ወዳለበት በር አጠገብ እንኳ አታስተኛትም። እኔን ባየች ቁጥር፣ «የውሃዋ፣ ዛሬስ የት ደረሰ?» ትለኛለች። ስሜን አልጠየቀችኝም፤ የውሃዋ ነበር የምትለኝ።

«ከባሕር ዛፎቹ አልፏል፣ እትዬ።»

«አብሽሪ፣ አብሽሪ።» ሥራውን የሠራሁት እኔ ይመስል ታበረታታኛለች።

ልጅቷ ቧንቧ አይታ አታውቅም። ውሃ ከብረት ውስጥ ይወጣል መባሉን አላመነችም። «ሲመጣ ምን ይላል?» አለችኝ። መጀመሪያ አየሩ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ በጥርሴ መሐል አፏጨሁላት። ዐይኗን አፍጥጣ አዳመጠችና፣ «እባብ ነዋ!» አለች። እናቷ ሳቀች። ያቺ ሴት ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ስለ መቃብሮቹ መናገር አለብኝ። መጀመሪያ ላይ ቅሬው ክርስቲያኑን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሙስሊሙን ወደ ሙስሊሙ መካነ መቃብር ወስዶ ይቀብር ነበር። በኋላ ሟቹ በዛ። ተሸካሚዎቹም ቢሆኑ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ዳገቱን መውጣት አቃታቸው። ስለዚህ ከመጠለያው ከፍ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ መቅበር ጀመሩ። መስቀል የሚተክል፣ ድንጋይ የሚያቆም ጊዜ አልነበረም። አንዳንዱ ሰው ከየት እንደመጣ እንኳ ሳይናገር ነው የሚሞተው። ችካሎቹ ሲተከሉ ያ ሜዳ ሣር ብቻ ነበር። ቆፋሪዎቹ ሲደርሱበት መቃብሩ የችካሎቹን መስመር አልፎ ሄዶ ነበር።

እሑድ ከላይ የመጡት ሙስሊሞች ከመቃብሩ ጫፍ ደርሰው ቆሙ። ሞተረኛው በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከፊታቸው ያለው አብዛኛው የክርስቲያን መቃብር መሰላቸው። የሰው ሙታን መሐል ዶማ ይዞ መግባት ነውር ነው፤ ባለቤቶቹ አርብ ሲመጡ ራሳቸው እያዩ በጥንቃቄ ያልፉታል ብለው የዘረጉትን ቀብረው ተመለሱ። አርብ ከታች የመጡት ክርስቲያኖችም ከታችኛው ጫፍ ደረሱ። ቧንቧ ሠራተኛው የእስላም መቃብር መሰለው። እሱም እንደዚያው አሰበ፤ እሱም የዘረጋውን ቀብሮ ተመለሰ። አንዱ ለሌላው «ሙታናችሁን አላለፍኩም» ብሎ መንገሩ ራሱ ደስ የሚል ወሬ አልነበረምና ዝም ተባባሉ። በሳምንቱ ሁለቱም ከሩቅ ሲያዩት ሜዳው ላይ አዲስ የተገለበጠ አፈር አለ። ያኛው ወገን ጨርሶታል አሉ። አፈሩን የገለበጠው ግን ቅሬው ነበር፤ አዲስ መቃብር ነበር።

ይህን ሁሉ ሊደርስበት የሚችል አንድ ሰው ነበረ፤ ብረቱን የያዝኩት እኔ።

ረቡዕ ጠዋት ነው መስመሩን ያየሁት። ቅዳሜ ከክፍለ ሀገር እንግዳ መጥቶ ቦኖውን እንደሚመርቅ ተነግሮን ነበር። ሞተረኛው ማጠራቀሚያውን ለመሙላት ከሞተራቸው አልተለዩም፤ ቧንቧ ሠራተኛው መጠለያው ውስጥ የቦኖውን ሲሚንቶ ያስተካክላል። ኃላፊያችን ብረቱን ሰጥተውኝ፣ «በየአምስት እርምጃው። አንድም ቦታ እንዳትዘይ» አሉኝ። ከማጠራቀሚያው ጀመርኩ። በየአምስት እርምጃው ወጋሁ፣ በየአምስት እርምጃው እጄ ላይ ተሰማኝ። ባሕር ዛፎቹን አለፍኩ። ከዚያ ሜዳው ላይ ደረስኩ።

አፈሩ ከዳር እስከ ዳር ትኩስ ነበር። አንዳንዱ ጉብ ብሏል፣ አንዳንዱ ሰጥ ብሏል። መስመሩ በመሐሉ የሚያልፍ መሰለኝ፤ የትኛው የቦይ አፈር፣ የትኛው የመቃብር አፈር እንደሆነ ግን አይለይም። ብረቱን አነሣሁት። ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሲያመለክት ሳይ እጄ እንቢ አለኝ። ቧንቧ ባይነካስ? ሌላ ነገር ቢነካስ? ብረቱን በሁለት እጄ አግድም ይዤ፣ እንደ ሰው ቤት ደጃፍ እግሬን እየመረጥኩ ሜዳውን ተሻገርኩ። ከዚያ ወዲያ እንደገና በየአምስት እርምጃው ወጋሁ፣ እንደገና እጄ ላይ ተሰማኝ። ከላይ አለ፣ ከታች አለ፤ መሐል ላይማ አይቀርም አልኩ።

ቢሮ ስደርስ ኃላፊያችን ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«እህሳ?»

«አለ፣ ጓድ ኃላፊ።»

«ሁሉንም አይተሻል?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ልጅ። በይ ጻፊው።»

ጻፍኩት። «ከማጠራቀሚያው እስከ መጠለያው ያለው መስመር በብረት ተፈትሾ የተሟላ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩት፣ ፈረምኩበት።

ያ ወረቀት ሐሙስ ዕለት ሥራውን ጀመረ። ደጎሎ ላይ የእርዳታ እህል በካሚዮን ተራግፎ የሚያመላልሰው ጠፍቶ ነበርና ገበሬ ማኅበሩ አህዮቹን ፈለጋቸው። ኃላፊያችን ወረቀቴን አዩና፣ ቧንቧው ስላለቀ አህዮቹ ይሂዱ ብለው ፈቀዱ። በርሜሎቹ እስከ ቅዳሜ ያደርሳሉ ተብሎ ተገመተ። ግምቱ ክፉ አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ከአቀስታ በኩል ብዙ ሰው በአንድ ላይ መጣና በርሜሎቹ አርብ ረፋድ ላይ አለቁ። የከተማው ቦኖም ማጠራቀሚያው ለምረቃው እንዲሞላ ተብሎ ተዘግቶ ነበር። ከተማው ውስጥ በየቤቱ እንስራ ሥር ከቀረው በቀር ውሃ የለም። የቅሬው ሴቶች ያንኑ እየለመኑ በማሰሮ አመጡ፤ ለሕፃናቱ በጣሳ ተከፋፈለ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እሱም አለቀ።

እኔ አርብ ከሰዓት በኋላ መጠለያው ደረስኩ። ልጅቷ ታለቅሳለች። እናቷ ሁለት ጣቷን በምራቋ እያራሰች ከንፈሯን ትቀባታለች።

«የውሃዋ፣ ነገ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ነገ ነው፣ እትዬ። ጠዋት።»

«በቧንቧው?»

«በቧንቧው። አልቋል። እኔው ራሴ አይቸዋለሁ።»

«አልሃምዱሊላህ።» ልጅቷን ታቅፋ እየወዘወዘች፣ «ሰማሽ? ነገ እባቡ ይመጣል» አለቻት።

እኔ ከሄድኩ በኋላ ልጅቷ አላስችል ብሏት ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ወንዙ ወርዳ ጠጣች። እናቷ ደርሳ እየጎተተች አወጣቻት፤ ግን ጠጥታ ነበር።

ቅዳሜ እንግዳው መጣ። መኪናው ላይ ባንዲራ ነበረበት። የሴቶች ማኅበር እልል አለ፤ የወጣት ማኅበር መፈክር አሰማ። መጋዘኑ ውስጥ መነሣት የቻለ ሁሉ ጣሳውንና ቅሉን ይዞ ወጥቶ ቆሟል። ያቺ ሴት ልጇን አዝላ ከፊት ነበረች። የልጅቷ ራስ በትከሻዋ ላይ ወድቋል። ንግግር ተደረገ። ኃላፊያችን እጃቸውን አወጡ፤ ከላይ ማጠራቀሚያው ዘንድ የቆሙት ሞተረኛው ምልክቱን አይተው መስመሩን ከፈቱ። እንግዳው ቦኖውን ጠመዘዘው።

ቧንቧው አፏጨ። አየሩ እየወጣ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ጥቂት አፏጨና ዝም አለ።

ሁላችንም ጠበቅን። ሰው ጣሳውን ዘርግቶ ጠበቀ። ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ከሜዳው በኩል አንዲት ሴት፣ «ኧረ ውሃው! ኧረ ሙታኖቹ ላይ ነው!» እያለች ጮኸች።

ሮጠን ወጣን። ከላይ የመጣው ቧንቧ ጫፉ ክፍት ሆኖ መቃብሩ ውስጥ ነበር ያበቃው። ውሃው ከመሬት እየፈላ ወጥቶ ሜዳውን ሸፍኖታል። ጉብ ያሉት መቃብሮች ሰጥ ብለዋል፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ጭቃው ቀይ ነበር። አንድ ሰው ለመዝጋት ወደ ማጠራቀሚያው ሮጠ፤ ዳገት ስለሆነ እስኪደርስ ብዙ ውሃ ፈሰሰ። ጣሳ የያዙት ሰዎች ከታች መጥተው ዳር ላይ ቆሙ። ያንን ውሃ ለመቅዳት ያጎነበሰ አልነበረም።

እንግዳው ሰዓቱን አይቶ፣ «የቴክኒክ ችግር ነው፤ ይስተካከላል» አለና ሄደ።

ሞተረኛው ከላይ እያለከለኩ ደረሱ። እሳቸውና ቧንቧ ሠራተኛው ጭቃው ዳር ተያዩ።

«የናንተ መስሎኝ እኮ ነው ያልነካሁት» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«እኔም የናንተ መስሎኝ።»

«አለፋችሁት ብዬ ነበር።»

«እኛም አለፋችሁት ብለን።»

የቅሬው ዳኛ በመካከላቸው ቆመው መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። «የናንተም የነሱም አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የቀበርኳቸው። የቅሬው ናቸው። ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

ያቺ ሴት ልጇን እንዳዘለች ጭቃው ውስጥ ገብታ አንድ ቦታ ላይ ተንበረከከች። ባሏ ያለበትን በእርምጃ ለይታ ታውቀው ነበር። የሰረጎደውን አፈር በእጇ መመለስ ጀመረች። ልረዳት ሄድኩ። እሷ ግን ቀና ሳትል፣ «ይኸው ውሃ አገኘ» አለች። የተናደደች አትመስልም ነበር። እንዲያ ባትል ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለሞተረኛው ነገርኳቸው። «አባባ፣ ሜዳው ላይ በብረት አልወጋሁም። ወግቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«እኔም አልወጋውም ነበር» አሉኝ። «ግን አልወጋሁም እል ነበር።»

መቃብሩን ዞሮ ለማለፍ ተጨማሪ ቧንቧ ያስፈልግ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ የቀረ አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ሳይመሽ ሞተረኛው ወደ ቤታቸው ሄደው ከደጃፋቸው የተዘረጋውን ቧንቧ ነቅለው በትከሻቸው አመጡ። ቧንቧ ሠራተኛውም የራሱን ነቀለ። ደብዳቤ አድራሿ ሴትዮ ልጆቿን አሰልፋ አሸክማ መጣች። ኃላፊያችንም መፍቻ ተውሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እጃቸው ተልጦ፣ ሱሪያቸው በጭቃ ተበክሎ ተመለሱ። ወረቀቴን አላነሡብኝም። ያን ጊዜ ምነው በተቆጡኝ ብዬ ነበር፤ አሁንም እላለሁ።

ቁፋሮው በማግሥቱ ጠዋት ነበር፤ እሑድ ነው። ሙስሊሞቹ እንደ ፈረቃቸው መጡ። ከቅዳሴ መልስ ክርስቲያኖቹ በመንገዱ ሲያልፉ ቧንቧ ሠራተኛው ከመካከላቸው ወጣ። ነጠላውን አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ዶማ አነሣ። ሌሎቹ አንድ አፍታ ቆመው አዩት፤ ከዚያ ሦስት አራቱ ነጠላቸውን እያጠፉ ተከተሉት።

«ዛሬ እሑድ መሆኑን ረሳኸው እንዴ፣ ቄሱ?» አሉት ሞተረኛው።

«አልረሳሁም» አለ። ሞተረኛውም ደግመው አልቀለዱም። ጎን ለጎን ቆፈሩ።

እኔ ብረቱን ይዤ ከኋላቸው ነበርኩ። አሁን በየአንድ እርምጃው ነበር የምወጋው።

ውሃው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ መጠለያው ደረሰ። እልል ያለ የለም። ሰዉ ጣሳውን ይዞ ተሰለፈ። እኔ ሰልፉ ውስጥ ያቺን ሴት ፈለግሁ፤ አልነበረችም። መጋዘኑ ጓሮ አገኘኋት። ልጅቷ ያረፈችው ረፋድ ላይ፣ ዶማው እየተሰማ ነበር። ጋቢ በእንጨት ላይ ወጥረው ከልለዋታል፤ ሁለት ሙስሊም አሮጊቶች አጠገቧ ተቀምጠዋል። እናቲቱ እስከዚያች ሰዓት እንዳትቀበር ይዛ ለምና ነበር። ውሃ ይመጣል፣ ውሃ ሲመጣ ብላቸው።

በጀሪካን ቀድቼ አመጣሁና ከግርዶሹ ውጪ ቆምኩ።

«አስገቢው» አለች እናቲቱ። «አንቺ አፍስሺ።»

አንደኛዋ አሮጊት ቀና ብላ አየችኝ። «ክርስቲያን አይደለችም እንዴ?» አለቻት።

«ውሃውን ያመጣችው እሷ ናት።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰበችና ጋቢውን ከፈት አደረገችልኝ። ወረቀቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ልጅቷን አየሁ። ያን ጊዜ መናገሩ ለእኔ እንጂ ለእሷ እንደማይሆን መሰለኝ፤ ወይም ፈራሁ። እስካሁን የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አልነገርኳትም። ኋላ ዝናብ ጥሎ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ እሷም ሄደች፤ አልነገርኳትም።

ተንበርክኬ ጀሪካኑን አዘነበልኩ። አሮጊቶቹ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው ከመሬት ሥር የመጣ ስለሆነ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ጀሪካኑም ከባድ ስለነበር በብዛት ወረደ።

እናቲቱ እጄን ያዝ አደረገችው።

«ቀስ አርጊው» አለች። «ይበርዳታል።»

ቀስ አደረግሁት።